የጭንቅላት ፈተና

ዴሪል ሆልሮይድ ጠዋት ከአልጋው የሚነሣው በየተራ ነው። መጀመሪያ አንገቱ፣ ቀጥሎ ወገቡ፣ ጉልበቶቹ ደግሞ ሲፈቅዱ። ዕድሜውን በራግቢ ሊግ ነው የጨረሰው፤ ሥራውም ኳሷን ታቅፎ ሊጥሉት የቆሙ ሦስት ጎረምሶች ላይ መግባት፣ መውደቅ፣ ተነሥቶ እንደገና መግባት ነው። እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ውስጥ፣ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዷ ከተዘጋ ወዲህ ከክለቧ በቀር የምትኮራበት ባልቀረላት በዚህች ትንሽ ከተማ፣ እንዲህ ያለ ሰው ገበያ ሲወጣ መንገድ ይለቀቅለታል። መንገድ ስለተለቀቀ ግን ወገብ አይድንም።

ክለቡ በውሉ ላይ አንድ ዓመት ሊጨምርለት ተስማምቷል። የቀረው የጭንቅላት ፈተናው ብቻ ነው።

ፈተናው በየዓመቱ ውድድሩ ሳይጀመር ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ቃላት ያሳይና ይደብቃቸዋል፤ ተፈታኙ አስታውሶ ይጠራል፤ ቅርጽ ብቅ ሲል ደግሞ ቶሎ ብሎ ቁልፍ ይጫናል። ውጤቱ ይቀመጣል። በዓመቱ መሐል ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ያንኑ ፈተና ይደግማል፤ ከመጀመሪያው ውጤቱ ከወረደ ሜዳ አይገባም። ተጫዋች ደግሞ ሞኝ አይደለም። ዴሪል ገና ጀማሪ ሳለ ብሪን የሚባል አንጋፋ ተጫዋች ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ "ስማ አንተ፣ አሁን ደደብ ምሰል። ደደብ ሆነህ ከጀመርክ በኋላ ደነዘዝክ የሚልህ የለም" ብሎት ነበር። ዴሪልም በየዓመቱ እያዛጋ፣ የሚያውቀውን ቃል እየተወ፣ ቁልፉን እያዘገየ ሲፈተን ኖረ። የመልበሻ ቤቱ ሰው በሙሉ እንደዚያው ነው። ዴሪል ስንቴ ተመትቶ፣ ዓይኑ ብዥ ብሎበት፣ ተደግፎ ወጥቶ በሳምንቱ ተመልሶ ገብቷል።

ዘንድሮ ግን ሚስቱ ሊያን መንገዱ ላይ ቆመች። ዴሪል በቅርቡ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያውን ጋዝ ምድጃ ላይ ጥዶ አቅልጦታል። የእህቷንም ስም ፊቷ ቆሞ አጥቶታል።

"ዘንድሮ የምርህን ነው የምትፈተነው" አለችው፣ ሻዩን ፊቱ እያስቀመጠች።

"መቼ ቀልጄ አውቃለሁ?"

"ተው እንጂ ዴሪል። እዚሁ ወጥ ቤት እየሳቅክ የነገርከኝ አንተ አይደለህ? የምርህን ከሠራህ ከአምናው በብዙ መብለጥ አለበት። ከበለጠ ጭንቅላትህ ደህና ነው፤ ተጫወት፣ እኔም አፌን እይዛለሁ።"

"ካልበለጠስ?"

ሊያን ወተቱን ጨመረችለት። እሱም መልሱን እንድትነግረው አልፈለገም።

እውነቱን ለመናገር ዴሪል ደክሞታል። ጭቃው፣ ብርዱ፣ የመታሻ ቅባቱ ሽታ፣ ሁሉም ሰልችቶታል። ቢሆንም ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ የጋለበው ፈረስ እያዘገመም ቢሆን አንድ ዓመት ቢወስደው አይጠላም።

ከምሳ በኋላ ከመልበሻ ቤቱ አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል ገብቶ ተቀመጠ። የክለቡ ሐኪም ዶክተር ራዛ ኮምፒውተሩን ከፈቱለት። ድልድይ፣ ሎሚ፣ መጋዝ፣ መጋረጃ... ዴሪል ቃላቱን በከንፈሩ እየደገመ ያዛቸው። ተደበቁ። ሎሚን አገኛት። ድልድይንም አገኘ። ከዚያ ወዲያ የለም። ሆን ብሎ የሚረሳ ሰው ምን እንደተወ ያውቃል፤ አሁን ግን የተወው ነገር ራሱ ጠፋበት። ግንባሩን አላበው።

ጋሪ የሚባለው የቡድን ጓደኛው በበሩ አንገቱን አስገባ። "አያ ሆልሮይድ፣ አልጨረስክም እንዴ? ለመደደብ ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃል?"

"ጥፋ ከዚህ።"

"ላብህንስ ተመልከት። ዩኒቨርሲቲ አያስገባህም እኮ።" እየሳቀ ወደ ሜዳው ሄደ።

ዴሪል እስከ መጨረሻው ታገለ። ሲጨርስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ያን ያህል መጥፎ አልነበረም ብሎ ራሱን አጽናና። ቁልፉንማ በደንብ ነው የተጫነው።

ዶክተር ራዛ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን አዩ። ፊታቸው በራ።

"ጎሽ። ከአምናው ጋር አንድ ነው። ከካቻምናውም ጋር። ንቅንቅ አላለም። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ሥራ፣ ተመስገን ነው የሚባለው።" እጃቸውን ዘረጉለት። "በል ሂድ፣ ልምምድ ጀምረዋል።"

ዴሪል ፈራ። በሕይወቱ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ከሜዳው የአሠልጣኙ ጩኸት ይሰማል። ዝም ብሎ ቢወጣ ማንም አያውቅበትም። ሊያንም ብትሆን በጣም በልጧል ቢላት ታምነዋለች፤ ማመን የምትፈልገውም ይህንኑ ነው። እሱ ግን በሩን ገፍቶ ዘጋው።

"ዶክተር፣ የአምናውን ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት። የካቻምናውንም። ሁሉንም።"

ሐኪሙ ሳቅ አሉ። "ጠርጥሬ ነበር፤ እናንተ ሰዎች መቼ ትታመናላችሁ። ታዲያ ዛሬ መናገሩ ለምን አስፈለገህ?"

"የዛሬውን" አለ ዴሪል፣ "የዛሬውን ከልቤ ነው የሠራሁት።"