የሙት ግሦች ሊቅ

እና ሊቁ ይሄ ነው እንግዲህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጀርመንኛ ቋንቋ ቅድመ አያት ‹ተሸከመ›ን እንዴት ይል ነበር እያለ የሚቆዝም ባል፣ ምሥራቅ ፖስታውን ትወረውርና መልሳ ታነሣዋለች፣ ፍቅሩ ማትሪክ ሊፈትን ሄዷል፣ የፖስታ ሣጥኑን ቁልፍ ኮቱ ውስጥ ትቶ፣ ለዚህ ነው ዛሬ እሷ የከፈተችው። የራሱ ጽሑፍ። ጀርመን አገር ላይፕዚግ ላሉት ፕሮፌሰር ልኮት የተመለሰ። ጀርባው ላይ በእንግሊዝኛ፣ ፕሮፌሰሩ ሞተዋል።

አበቃ! ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ኩራት፣ የሞቱ ቋንቋዎችን ግሥ፣ የጎቲክ፣ የኖርስ፣ የጥንት እንግሊዝኛ፣ በካርድ ያሰልፍና አባታቸውን ፍለጋ ይወጣል፣ ያገኘው ሲመስለው ከቃሉ ፊት ኮከብ ይሥልበታል፣ ኮከብ ማለት ተጽፎ ያየው ሰው የለም ማለት ነው ይላል ሳያፍር፣ ታዲያ ከየት አመጣኸው፣ ከሆድህ! እናቱ ዋጫ ከተማ ቁጭ ብለው በካፊኖኖ፣ በገዛ አፍ መፍቻው፣ ሲያወሩ የማይሰማ ሰው፣ ዞኑ፣ ና፣ የካፊኖኖ መማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ሲለው፣ ፕሮፌሰሩ ይመልሱልኝና አያለሁ፣ አቶ ጣሰው ከትምህርት መምሪያው ትናንት መንገድ ላይ አስቁመዋት፣ እትዬ ምሥራቅ፣ ጋሽ ፍቅሩ ምን ነካቸው፣ እስከ ነገ ወዲያ ውሉን ካልፈረሙ ሌላ ሰው እንመድባለን። ያፈረችው እሷ።

ዛሬ ይፈርማታል። ያበጠው ይፈንዳ፣ ፖስታውን ካርዶቹ አናት ላይ ታኖርለታለች፣ ያያል፣ ክው ይላል፣ ይፈርማል፣ የካርቶኑን ክዳን ታነሣለች። ከካርዶቹ ሥር ፖስታ። ሌላ። ሌላ። አራት፣ ሁሉም የተመለሱ፣ ሁሉም ላይ ያው ሞተዋል፣ የመጀመሪያው ሦስት ዓመት አልፎታል፣ ቴምብሮቹን በምላሷ አርጥባ የለጠፈችው እሷ፣ ምሥራቅዬ፣ ይህችን አደራ ፖስታ ቤት፣ እያለ ሲሰጣት።

ያውቅ ነበር። እያወቀ ይልክ ነበር፣ ለሟች አይደለም፣ ለእሷ፣ የሚሰማው ሰው ያለ እንዲመስላት፣ እንዳትስቅበት፣ ይሄን ያህል ይፈራታል ማለት ነው፣ ወይ ትንሽ ሰው፣ ትላለች፣ ለማን እንዳለችው ግን አታውቅም።

በሩ ይከፈታል። ፖስታውን ነጠላዋ ውስጥ ትሸጉጠዋለች፣ ቁልፉ ግን እጇ ላይ ቀርቷል፣ ፍቅሩ አይቶታል፣ ላብ ግንባሩ ላይ፣ ሣጥኑን ከፍተሽው ነበር እንዴ?

ባዶ ነው፣ ትለዋለች፣ ነገ ግን ፊርማው፣ ልትል ትጀምርና ትተወዋለች፣ ምክንያቱም ፍቅሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዐይኑን ጨፍኗል፣ አሥራ አንድ ዓመት አብራው ስትኖር እዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ እፎይ ሲል አይታው አታውቅም።