ትምህርቱ አላለቀም

«ስለ አንቺ የሚናገር ወንድ ማነው?»

የቀበሌያችን ፍርድ ሸንጎ ሰብሳቢ ጓድ አብሺር ይህን ጠየቀኝ። አባቴ ሞቷል። ወንድሜ በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ እንደወጣ አልተመለሰም። ያለኝ ወንድ ባለቤቴ አብዲቃድር ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከሳሼ ሆኖ ፊት ለፊቴ ቆሟል።

አብዲቃድር ጅቡቲ እየተመላለሰ ሲነግድ እዚያ ሌላ ሚስት አገባ። እሷን ይዞ መጣና መጋላ ሰፈር ያለውን የቀበሌ ቤት ልቀቂ አለኝ። በጦርነቱ ጊዜ እሱ በሌለበት፣ ተኩስ ሲሰማ ሁለቱን ሴት ልጆቼን አልጋ ስር እያስተኛሁ ያሳለፍኩበት ቤት ነው። ከዚያ ብወጣ የት እንደማሳድራቸው አላውቅም። ትልቋ ናፊሳ ለአካለ መጠን እየደረሰች ነበር። እሷንና ታናሿን ሆዳንን በሰው በረንዳ ላይ እንዴት አስተኛቸዋለሁ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

«ጎረቤቶቼ ይመስክሩልኝ» አልኩ።

«ጎረቤቶችሽ ሴቶች ናቸው» አለ ጓድ አብሺር። «ሰኞ ወንድ ይዘሽ ቅረቢ። ካልሆነ ቤቱን ለአባወራው እናስረክባለን።»

በዚያን ጊዜ መሠረተ ትምህርት እማር ነበር። የምንማረው ሸንጎው በሚሰበሰብበት በዚያው አዳራሽ ነው፤ እኛ ሴቶቹ ስንወጣ ሸንጎው ይገባል። አንዳንዶቻችን ከክፍል እየሾለክን ብናስቸግር ጓድ አብሺር በስብሰባ ላይ፣ መምህርቷ ሳታሰናብታት ከወንበሯ የምትነሳ ሴት ከኅብረት ሱቅ ስኳር አታገኝም ብሎ ነግሮናል።

ከጎኔ የምትቀመጠው ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ቢሻሮ ናት። ከጀልዴሳ ገጠር የሚመጣላትን የግመል ወተት ትሸጣለች።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ የተበጠሰ ወተት መስሏል» አለችኝ።

ነገርኳት።

«ወንድ ከየት እናመጣለን? ያሉትም ለራሳቸው አልሆኑ» አለችና ተነስታ መምህርታችን አለምብርሃን ጆሮ ላይ ብዙ አንሾካሾከች። መምህርታችን ድምጿ ከኋላ ወንበር የማይሰማ ዓይን አፋር ሴት ነበረች። በሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ጠመኔውን በጣቶቿ አሽከረከረችው።

«ሰኞ ትምህርቱ ረዘም ይላል» አለች።

ሰኞ ጓድ አብሺር ሁለቱን ዳኞችና አብዲቃድርን አስከትሎ ሲገባ ሁላችንም ተቀምጠናል።

«በቃ፣ ውጡ። ሸንጎ ሊጀመር ነው።»

አንዲትም ሴት አልተነሳችም። መምህርታችን ጀርባዋን ሰጥታ ሰሌዳው ላይ መጻፏን ቀጠለች።

«ጓድ፣ ትምህርቱ አላለቀም» አለች።

«ይለቅና ውጡ።»

«ዋሪያ አብሺር» አለች ቢሻሮ፣ «ሳትሰናበት የተነሳች ሴት ስኳር የላትም ያልከው አንተ ነህ። እኔ ያለ ስኳር ሻይ አይወርድልኝም።»

ሴቶቹ ሳቁ። አንደኛው ዳኛም ሊስቅ ሲል ጓድ አብሺር ዞር ብሎ አየውና ተወው። ባዶ ወንበር አልነበረም። ሦስቱ ዳኞች ትምህርት እንዳላጠና ተማሪ ሰሌዳው ሥር ቆሙ።

«ፋዱማ፣ ወንድ አመጣሽ?»

ተነሳሁ። ጠረጴዛውን ያዝኩ።

«ስለ እኔ የምናገረው እኔ ነኝ።»

«እንዲህ ያለ ሕግ የለም።»

«ወንድ አምጪ የሚለውስ የቱ ሕግ ነው? አሳዩኝ። ቀስ ብዬም ቢሆን አነበዋለሁ።»

ምንም አላሳየኝም። ጠረጴዛውን ለቀቅኩ።

«ለሰልፍ ስትጠሩኝ ፋዱማ ብላችሁ ነው። ለጽዳትም፣ ለዚህ ትምህርትም ፋዱማ ብላችሁ ነው የጠራችሁኝ። ስቀር የምትቀጡት እኔን ነው፤ አንድም ቀን ወንድሽ መጥቶ ይቀጣልሽ ብላችሁኝ አታውቁም። ለቅጣቱ ሰው ከሆንኩ ለቤቴም ሰው ነኝ።»

«አቦ፣ ይችን ሴትዮ እንዲህ መናገር ማን አስተማራት?» አለ አብዲቃድር።

«መንግሥት» አለች ቢሻሮ።

ጓድ አብሺር ዝም እንድትል በጣቱ አመለከታት።

«ምስክርስ?» አለኝ።

ሁሉም ሴቶች፣ በክፍል ጥያቄ ሲጠየቅ እንደምናደርገው እጃቸውን አወጡ። ሸንጎው ተራ በተራ ሰማቸው። ቢሻሮ ስለ ተኩሱ ጊዜ ተናገረች፤ ልጆቼ ሲያለቅሱ በግድግዳ እንደምትሰማቸውና የአብዲቃድርን ድምፅ ግን አንድም ቀን እንዳልሰማች። አብዲቃድር ወለሉን ያይ ነበር።

ዳኞቹ ውጪ ዛፍ ሥር ተማክረው ተመለሱ።

«ቤቱ ለልጆቹ ማሳደጊያ እንዲሆን ተወስኗል» አለ ጓድ አብሺር፤ ሊወጣም ዞረ።

«ለማን ነው የተፈረደው?» አልኩት።

«ተናገርኩ እኮ።»

«ስሙን አልሰማሁም።»

ላቡን በመሐረብ ጠረገ።

«ለፋዱማ» አለ።

ያኔ መምህርት አለምብርሃን ጠመኔዋን አስቀመጠችና «ትምህርቱ አልቋል» አለች። ድምጿ ከኋላ ወንበር ተሰማ።

አብዲቃድር አዲሲቷን ሚስቱን ይዞ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደ። መምህርት አለምብርሃንን፣ የሸንጎ ሥራ አሰናክላለች ብለው በዚያው ወር ወደ ሁርሶ አዛወሯት፤ ደግማም አልተመለሰችም። ናፊሳ፣ ሆዳንና እኔ መጋላው ቤት ቀረን።