የፌርፋክስ የበረዶ ጎማ ኮሚቴ

ባለቤቴ ዳኛቸው ሃያ ሁለት ዓመት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ታክሲ ሲነዳ በረዶ ያየው ለስላሳ መጠጥ ብርጭቆ ውስጥ ብቻ ነው። ይህ ግን ስለ በረዶ ጎማ ሌላውን ከማስተማር አላገደውም። በሁለት ሺህ አስራ ሦስት ኖቬምበር ላይ ለቤተሰባችን መኪና፣ ለዚያች ለአሮጌዋ ሚኒቫን፣ የበረዶ ጎማ መምረጥ ጀመረ። ጃንዋሪ ተጋምሶም ገና እየመረጠ ነበር። እኔ እሱን ለባልነት የመረጥኩት በሁለት ሳምንት ነው፤ አሁን ሳስበው ስህተቱ እዚያ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ጎማው ያስፈለገን ዴንቨር ለመሄድ ነው። ዴንቨር ያለችው አንዲቷ ልጃችን ፀዲ ናት፤ በጃንዋሪ መጨረሻ የመጀመሪያ ልጇን ትወልዳለች ተብሎ ቀን ተቆርጦላታል። አባቷ ካናገራት ደግሞ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ምክንያቱ ያገባችው ልጅ፣ ባሮክ፣ ጴንጤ መሆኑ አይደለም፤ እሱን እንደ ምንም ውጦት ነበር። ያልተዋጠለት ሽማግሌ አለመላኩ ነው። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ቤታችን መጥተው "ልጅዎን ለልጃችን" ብለው ሲቆሙ፣ እሱም "እስቲ እናስብበት" ብሎ ሁለት ጊዜ ሊመልሳቸውና በሦስተኛው እሺ ሊል ለዓመታት ሲዘጋጅ ኖሯል። ልጆቹ ግን ዴንቨር ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈረሙና ፎቶ በስልክ ላኩልን። ዳኛቸው ደውሎ "ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም በይ" አላት። እሷም የአባቷ ልጅ ናትና "ኦኬ" ብላ ዘጋችው።

በአውሮፕላን ብሄድ በሁለት ሰዓት ተኩል ዴንቨር እገባ ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ኤርፖርት ሲያደርስ የሚውለው ባሌም ያውቃል። ግን በአውሮፕላን ከሄድኩ ብቻዬን ነው የምሄደው፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው እሱ ልጁ በር ላይ እንዲቆም ነው። ልጅ ተወልዶ አያትየው "አላውቃትም" እንዳለ ከቀረ ነገሩ እንደማይታረቅ ታውቆኛል። ስለዚህ ሐኪም ጆሮዬን አይቶ አውሮፕላን ከለከለኝ አልኩት። ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ ስበር ምንም ያላለኝን ጆሮ።

"ኦኬ፣ እኔ ድራይቭ አደርግሻለሁ" አለኝ። "ግን በዚህ ጎማ ኮሎራዶ አይገባም።"

ያዝኩት ብዬ ደስ አለኝ። ሞኝ ነኝ።

ኮሚቴው የተቋቋመው በዚያው ሳምንት ነው። የሚሰበሰበው ሐበሻ በሞላበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ምሳ የሚበሉበት ምግብ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ነው። ሰብሳቢው ጋሼ ዓለምሰገድ ናቸው፤ በሰማንያዎቹ ሚኒሶታ ሁለት ዊንተር አሳልፈዋልና። ያን ጊዜ መኪና እንዳልነበራቸው የሚያነሳ ደፋር የለም። ሁለተኛው ይስሐቅ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራል፤ በቀን ሁለት መቶ መኪና ስለሚያቆም ጎማን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም ይባላል። ሦስተኛው ተስፋሁን ቃለ ጉባኤ ያዥ ነው። አዎ፣ ቃለ ጉባኤ። ሦስት ሐበሻ ከተቀመጠ አንዱ መዝገብ ማውጣቱ አይቀርም።

አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ጎራ ብዬ ስብሰባው ላይ ደረስኩ። ውጪ ሰው በካናቴራ ነው የሚሄደው፤ ውስጥ ኮሚቴው በረዶ ላይ ነው።

"ሁለት ይበቃል፣ ከፊት ብቻ" አለ ይስሐቅ። "ሞተሩ የሚጎትተው የፊቱን ነው። የኋላው ዝም ብሎ ነው የሚከተለው፣ ሶ ለምን ይለፋል?"

"የፊቱ ቆሞ የኋላው ቢንሸራተትስ?" አሉ ጋሼ ዓለምሰገድ። "ሚኒሶታ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። መኪናው ዞሮ የመጣበትን መንገድ ነው የሚያየው።"

"አራቱም ይቀየር ካልን" አለ ተስፋሁን ከደብተሩ ቀና ብሎ፣ "ሚስማር ያለው ነው የሌለው? ዩትዩብ ላይ አንድ ፊንላንዳዊ ሚስማር ያለውን በጣም ሬኮሜንድ ያደርጋል።"

"ፊንላንድና ኮሎራዶ አንድ ነው እንዴ?" ብሎ ይስሐቅ ተቆጣ። ሁለቱንም አገር አላያቸውም።

"ጋሼ፣ ሰንሰለት ገዝተን ብንሄድስ?" አልኩ እኔ ቆሜ።

ጋሼ ዓለምሰገድ በሐዘን አዩኝ። "አየሽ ለተማርያም፣ ሰንሰለት ለቸኮለ ሰው ነው።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብሎ ባሌ ደገመበት፤ ተስፋሁን ይህንንም ጻፈው።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው አልኩ በሆዴ። ደግሞ ገረመኝ። ለልጁ ሽማግሌ የተነፈገው ሰው ለጎማ ሽማግሌ አስቀመጠ። አንድ ዓይነት ጎማ ሲያቀርቡለት "እስቲ እናስብበት" ይላቸዋል፣ ለሳምንት ይቀጥራቸዋል፣ እነሱም ተመልሰው ይመጣሉ። የሚገባውን ክብር በስተመጨረሻ አገኘ። ማታ ማታ "እህ፣ ምን ላይ ደረሳችሁ?" ስለው "ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው" ይለኛል። የፈረንጅ ገና አለፈ፣ የእኛ ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ጥናቱ አላለፈም።

ጥምቀት በዋለ በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ፀዲ ደወለች።

"እማዬ፣ ዶክተሯ ልጁ ወደታች ወርዷል አለች። ከቀኑ በፊት ሊመጣ ይችላል። እባክሽ ቶሎ ነይልኝ፣ ፈርቻለሁ።"

ዳኛቸው የታክሲውን ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። የስልኩ ድምፅ ከፍ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ሰምቷል። ልጅቷ ስለ እሱ አልጠየቀችም። ስዘጋ ፊቱን እንኳ ሳያሳየኝ "ዛሬ ኮሚቴው ይወስናል" ብሎ ወጣ። በእኔ በኩል ኮሚቴው እዚያው ፈረሰ። ሻንጣዎቹን፣ የአራስ ቅቤውንና የገንፎ ዱቄቱን ሚኒቫኗ ላይ ጭኜ ወደ ኢንግልዉድ ነዳሁ። እዚያ የታክሲውን ጎማ ለዓመታት የሚሠራለት ሜክሲኳዊ ጎሚስታ አለ።

"ያለህን የበረዶ ጎማ እሰርልኝ" አልኩት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። "ዓይነቱ አይገደኝም። ጥቁር ይሁን፣ ክብ ይሁን።"

ሰውዬው መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ "በመጨረሻ!" ብሎ እጁን አጨበጨበ። ወደ ጓሮ ወሰደኝ። አራት የበረዶ ጎማ፣ የፋብሪካ ወረቀቱ ገና ያልተላጠ፣ ተደራርቦ ተቀምጧል። ላዩ ላይ በጠመኔ የባሌ ስም ተጽፏል።

"ኖቬምበር ላይ፣ ከታንክስጊቪንግ በፊት ነው ያዘዘኝ" አለኝ። "እዚህ የበረዶ ጎማ ማን ይገዛል? ከሩቅ ነው ያስመጣሁለት። ልግጠመው ስለው ቆይ እደውልልሃለሁ ይላል። በየሳምንቱ ይመጣል፣ እነሱ ላይ ቁጭ ይላል፣ ከዚያ ይሄዳል። ታሟል እንዴ?"

"ለመምረጥ ስንት ጊዜ ፈጀበት?"

"አምስት ደቂቃ። ከሁሉም ጥሩውን ስጠኝ፣ ልጄ ጋ ነው የምሄደው አለኝ።"

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሦስት ሽማግሌ አስቀምጦ የፊት ነው የኋላ ሲያስብል፣ እኔን ቀን ሲያስቆጥረኝ፣ ጎማው ኢንግልዉድ ተኝቷል! ስድቡን ሁሉ አዘጋጅቼ፣ ጎሚስታው አሮጌዎቹን እስኪፈታ የትም መቀመጫ ስላልነበረ ከጎማዎቹ አንዱ ላይ ቁጭ አልኩ። እዚያ ላይ ስቀመጥ ነው የገባኝ። ያ ሰው በየሳምንቱ እዚህ ተቀምጦ ለመሄድ ሞክሯል። ስድቡ ጠፋብኝና አለቀስኩ። ጎሚስታው ደህና ሰው ነው፤ ያላየ መስሎ ብሎን ፈታ።

ፌርፋክስ ስደርስ ስብሰባው እንደሞቀ ነው። ተስፋሁን ቆሞ እያነበበ ነበር፤ "በአብላጫ ድምፅ ሁለት ጎማ ከፊት፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ..."

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ" አልኩ። "ጎማው ታስሯል።"

"በማን ውሳኔ?" አለ ይስሐቅ።

"በእኔ።"

ጋሼ ዓለምሰገድ ወጥተው ሚኒቫኗን ዞሯት፤ አራቱንም ጎማ በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉ። "ጥሩ መርጠሻል" አሉኝ ቅር እያላቸው። ዳኛቸው ጎማዎቹን ሲያይ አወቃቸው፤ አንገቱን ደፋ። ማን እንደመረጣቸው ትንፍሽ አላልኩም። ባል ሰው ፊት አይዋረድም፣ መኪና ውስጥ ጊዜ አለ።

"ሻንጣህ ተጭኗል። ግባና ንዳ።"

ፒኮ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ያዘን።

"ጎሚስታው ነገረሽ?"

"ነገረኝ።"

"ጆሮሽስ?"

"ደህና ነው። ታሞም አያውቅ።"

"አውቄ ነበር" አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ እሱ ግን አልነቃነቀም። ከኋላችን ክላክስ ጮኸ። "ለተ፣ ባትከፍትልኝስ? አባት የለኝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ ኦኬ ብላኛለች እኮ።"

"አንተ የምታውቀው መንዳት ነው፤ እሱን ንዳ" አልኩት፤ እሱም ነዳ።

ላስ ቬጋስን አልፈን ዩታ አደርን። በማግስቱ ኮሎራዶ ተራራ ላይ በረዶው ጣለብን። እውነቱን ለመናገር ጎማው ጎማ ነው። ትልልቅ መኪኖች ከመንገድ ወጥተው ዳር ላይ ቆመው ሲያዩን የእኛ አሮጊት ቀስ እያለች አለፈቻቸው። ዳኛቸው ሁለት መቶ ማይል ሙሉ ስለ ጎማው ጥርስ፣ ስለ ጎማው ልስላሴ፣ ስለ ጎማው ጨዋነት አወራኝ። ስለ ፀዲ አንድ ቃል አልወጣውም። ዴንቨር ስንቃረብ ግን ጎማውም አለቀበት፤ መሪውን ብቻ ጨበጠ።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ደጃፍ ቆምን። መንገዱ ተጠርጓል፣ ከመኪናው እስከ ደረጃው ያለው መሬት ግን መስታወት ሆኗል።

"አንቺ ግቢ" አለኝ። "እኔ ጎማዎቹን ልይ።"

አጥሩን ይዤ፣ እንደ ሕፃን እየዳኽሁ፣ ደረስኩና ደወሉን ተጫንኩ። ፀዲ ከፈተች። ሆዷ ከእሷ ቀድሞ ወጣ። አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና በትከሻዬ አሻግራ ሚኒቫኗን አየች። መስታወቱ በጉም ተሸፍኗል፤ ውስጥ ያለው ሰው ጥላው ብቻ ነው የሚታየው።

"አባዬ ነው?"

መልሴን አልጠበቀችም። በካልሲና በቤት ነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረደች።

የመኪናው በር ተበርግዶ ተከፈተ። "ቁሚ! ቁሚ ትወድቂያለሽ!" እያለ ባሌ ሮጠ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለልጁ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። የሮጠው ፌርፋክስ በሚያደርገው፣ ሶሉ እንደ ሳህን በለሰለሰ ጥቁር የቆዳ ጫማው ነው። ሁለት ወር፣ ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ፊንላንዳዊ፤ ስለ ጫማ ያነሳ አንድ ሰው አልነበረም። ሁለት እርምጃ ሄደ፣ በሦስተኛው እግሮቹ ወደ ኋላ፣ እሱ ወደ መሬት ሆነ። ተንሸራትቶ ተንሸራትቶ በግንባሩ እንደተደፋ ልጁ እግር ሥር ቆመ።

በእኛ ዘንድ እግር ላይ የሚወድቀው የበደለ ነው። አባት ልጁ እግር ላይ ሲወድቅ ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ባሮክ የበረዶ አካፋ ይዞ ከጓሮ ሲሮጥ መጣ፤ ሊያነሳው ጎንበስ አለና ምን እንደታየው እንጃ፣ ተመልሶ ቆመ። ያን ቀን ነው አማቼን የወደድኩት።

ፀዲ ሆዷ አላስጎነብስ አላት። እጇን ብቻ ወደታች ዘረጋች። "ተነስ አባዬ" አለችው እያለቀሰች። "በቃ። በቃ፣ ተነስ።"

አልተነሳም። በሁለት እጁ ነጠላ ጫማዋን ከነእግሯ ያዘ። "እግርሽ ቀዝቅዟል" አላት።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው፤ በዚያችው ሚኒቫን፣ በአራቱም ጎማ። ፌርፋክስ ስንመለስ ኮሚቴው ስለ መውደቁ ሰምቶ ኖሮ ማብራሪያ ጠየቀው። "በረዶው አዳለጠኝ" አላቸው፤ ተስፋሁን መዘገበ፣ ጋሼ ዓለምሰገድም ሚኒሶታ ላይ እሳቸውም እንደዚሁ መውደቃቸውን መሰከሩ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ ጫማው ነው እላለሁ። ከወደቀ በኋላ ለምን ያን ያህል ጊዜ ሳይነሳ እንደቆየ ግን ጠይቄው አላውቅም።