ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ የበቀለው

ጸጉር ሠሪዋ አፍንጫዋ ከዓይኗ ይቀድማል። ቀኑን ሙሉ ከሰው ራስ ላይ የቀለምና የላብ ሽታ ስትምግ ስለምትውል፣ ቤቷ ስትገባ ንጹሕ አየር ካላገኘች ትነጫነጫለች። ያን ሰሞን ግን የገዛ ጓሮዋ ይከረፋት ጀመር። ክርፋቱ የሚመጣው ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ ማንም ሳይተክለው በቅሎ ወገብ ከደረሰው ቁጥቋጦ በኩል ነበር።

«ይኼ ግም ነገር ይነቀልልኝ!» አለችው ባሏን።

«ምን አደረገሽ? የጌጥ ዛፍ ይሆናል» ብሎ ወሬውን ወደ ሌላ መለሰው። እጁ የነካው ዕቃ ይብስበታል እንጂ አይጠገንም፤ አፉ ግን የማይጠግነው የለም።

አማቷ ደግሞ «በእሱስ አትምጪብኝ» አሏት። ሆዳቸውን በነፋቸው ቁጥር ቅጠሉን እየቀጠፉ ያላምጣሉ።

«እማማ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ?»

«ስሙን እኔ ባላውቀው ሆዴ ያውቀዋል፣ ልጄ።»

አላስችል ቢላት በእረፍት ቀኗ ችግኝ የምትሸጠውን ጎረቤቷን ጠራቻት። ጎረቤትየዋ ጎንበስ ብላ ጥንድ ጥንድ ሆነው የወጡትን ቅጠሎች ገለበጠች፤ የጎደጎደውን ጅማታቸውን ዳሰሰች። ቅርፊቱ እየተላጠ ከሥር ልሙጥ ግንድ ብቅ ብሏል። አንድ ቅጠል ጨምቃ አሸተተችና ለጸጉር ሠሪዋም አስጠጋችላት።

«ይኼ ምኑ ይገማል? ዘይቱን እኮ ነው!»

«ማን ተከለው ታዲያ?»

«ወፍ ይዘራዋል። ሰውም ይዘራዋል» አለችና አፏን በእጇ ሸፈነች። «ፍሬውን ሆድ አይፈጨውም፤ እንደገባ ነው የሚወጣው።»

ሁለቱም ቀና ብለው የመጸዳጃ ቤቱን ግድግዳ አዩ።

ጸጉር ሠሪዋ አካፋ አምጥታ ከግንዱ ሥር ወጋ አደረገችው። አፈሩ እንደ በሰበሰ ሙዝ ሟሸሸ። ጥቁር ውሃ ተንፈቀፈቀ፣ ትል ተርመሰመሰ። ከሥሩ የተሰነጠቀ የፍሳሽ ቧንቧ ብቅ አለ፤ ስንጥቁ ላይ ፌስታል ተጠቅልሎ በጨርቅ ታስሯል። ጨርቁን በአካፋው ጫፍ አነሳችው። የደንበኞቿን ፊት የምትጠርግበት፣ ጠፋብኝ ብላ ስትፈልገው የከረመችው ፎጣ ነው! ጮኸችና እዚያው ግድግዳውን ተደግፋ ቁርሷን መለሰችው።

ባሏ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ።

«ለጊዜው ብዬ ነው እኮ… አፈር ካለበሱት አይሸትም ብዬ…»

«እናትህ ቅጠሉን ሲያላምጡ እያየህ?»

«መቼም አጥበው ነው ብዬ…»

አማቷ ከበረንዳው ሁሉንም ሰምተዋል። «አንተ የማትረባ! ጡት ባጠባሁህ ምን አበላኸኝ?» ብለው ቅጠሉን ከአፋቸው ተፉት።

በማግስቱ ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ አዲስ ቧንቧ ቀበረ። ሽታው ጠፋ። አማቷ ግን ወር ሳይሞላቸው ወደ ቅጠላቸው ተመለሱ፤ «ዝናብ አጥቦታል» ይላሉ። ዘይቱኑም ሳይነቀል ቀረ፤ ጸጉር ሠሪዋም ተክሉን መጥላት ትታለች።

የማይለቃት ሌላ ነው። ገበታ ላይ ባሏ ዳቦ ቆርሶ ሲዘረጋላት ጣቶቹን ታያለች። ያን ፎጣ ሲቋጥሩ፣ አፈሩን መልሰው ሲደመድሙ ይታዩዋታል፤ በዚያው እጅ ያን ዕለት ማታ ጉንጯን ዳብሷት ይሆናል። ምራቋ ይመራታል።

«ጠግቤአለሁ» ትለዋለች፣ ገና ሳትቀምስ።