የፕሌቱ ዳር

ስቶይመን በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣውን የማተሚያ ፕሌት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና በአውራ ጣቱ የግራ ዳሩን ጠቆመ።

“እዚች ጋ እይልኝ። ሰማዩ እዚህ ሲደርስ ቁርጥ ይላል። ዳመና ሳይሆን ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ ነው የሚመስለው።”

ፕሌቱ እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ፣ ሰማይና ዳመና ያለበትን የእርጎ ክዳን ሥዕል በጥቃቅን ጉብ ጉብ ነጥቦች የሚያትም ነው። ዝላትካ አጉሊ መነጽሯን አነሳች፤ ግን ወዲያው አላጎነበሰችም። ስቶይመንን ከድሮው የመንግሥት ማተሚያ ቤት ጀምሮ ታውቀዋለች። አሁን እሱ ከከተማው ማዶ ባለ የማሸጊያ ማተሚያ ቤት ማሽኒስት ነው። እሷ ደግሞ ለዚያ ማተሚያ ቤት ፕሌት በሚሠራው በዚህ ቡልጋሪያ፣ ፕሎቭዲቭ ከተማ ባለ ትንሽ ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ናት።

“አለቃህ ምን አለ?”

“ምን ይላል? ‘ፕሌቱ ተለክቶ፣ ደህና ነው ተብሎ ነው የመጣው። አንተ ነህ ማሽኑን አጥብቀህ ነጥቦቹን ፈጭተህ የጨረስካቸው’ አለኝ። የታተመው ሁሉ ተጥሏል። ጥፋቱ የፕሌቱ ነው የሚል ቃል ከእናንተ ካላገኘሁ ከሰኞ ጀምሮ ሥራዬ ጓሮ ቁጭ ብሎ ቲማቲም ማጠጣት ነው።” ሳቀ። “ሚስቴ ደግሞ ‘አንተን ሲያይ ቲማቲሙም ይጠወልጋል’ ትለኛለች።”

ዝላትካ አጎነበሰች። መሃሉ ላይ ነጥቦቹ እንደ ደህና ጥርስ ተደርድረው ቆመዋል። ወደ ዳር ሲሄዱ እየሳሱ፣ እየተንጋደዱ መጡ፤ ጫፉ ላይ ከነጭራሹ የሉም። ማሽን የፈጨው ነጥብ አናቱ ተደፍጥጦም ቢሆን ይቀራል። ይህ ግን ከሥሩ ታጥቦ የሄደ ነው። ነጥቦቹን የሚያጠነክራቸው ብርሃን ነው፤ ብርሃን ሳይጠግብ ማጠቢያ ውስጥ የገባ ፕሌት እንዲህ ይሆናል።

“መጣሁ” አለችውና ደረጃውን ወጣች።

የድርጅቱ ባለቤት ካመን ስልኩን እስኪዘጋ ቆማ ጠበቀችው።

“የፕሌት ማጠንከሪያው የዳር መብራቶች ሞተዋል፣ ካመን።”

“አልሞቱም፤ ደክመዋል። እኛስ መቼ አልደከምንም?”

“የስቶይመን ፕሌት ጥፋቱ የኛ ነው።”

“መፈተኛው ቁራጭ ምን ይላል?”

“ደህና ነው ይላል። እሱማ ምን ጊዜም ደህና ነው የሚለው፤ ብርሃኑ የሚበረታበት መሃል ላይ ነዋ የምናስቀምጠው። ሥራው ግን እስከ ዳር ይዘረጋል።”

“የጥራት መርማሪዎቹ ባለፈው መጥተው፣ አይተው፣ አመስግነው ነው የሄዱት። ያን ቀን አንቺም አጠገቤ ነበርሽ።”

ነበረች። አፏንም አልከፈተችም።

“ሰውዬው ይባረራል” አለች።

“ማሽኒስት ሥራ አያጣም። እኛ ግን ‘አጥፍተናል’ ካልን ነገ ደንበኛው የለም። ደንበኛው ከሄደ መጀመሪያ የምዘጋው ልጅሽ የምትሠራበትን የዲዛይን ክፍል ነው።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አበልጅ ነን፣ ዝላትካ። ልጅሽን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ባሏ ‘ጀርመን እንሂድ’ እያለ እንደሚጨቀጭቃት የማላውቅ መሰለሽ? ሰበብ አትስጪው።”

“መብራቶቹስ?”

“ይቀየራሉ። ቀስ ብለን፣ ሳናወራ።”

ስትወርድ በዲዛይን ክፍሉ መስተዋት በኩል ልጇን አየቻት። ኢቫ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ እያንጎራጎረች ትሠራለች። የዝላትካ ወንድ ልጅ ልጆች ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ናቸው፤ በስልክ ስታናግራቸው አባታቸው መሃል ገብቶ ካላስተረጎመ አይግባቡም።

ስቶይመን ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

“እህስ ዶክተሯ፣ በሽተኛው ይድናል?”

“ለካሁት።”

“ዳሩንም?”

“ዳሩንም።”

“እና?”

“ደህና ነው።”

ይጮሃል ብላ ጠብቃ ነበር። ‘አምጪ መነጽሩን፣ ራሴ ልየው’ ቢላት የምትመልሰውን ደረጃው ላይ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። እሱ ግን መነጽሩን ዞር ብሎም አላየው። ቀኝ እጁን ገልብጦ መዳፉን ሲመለከት ቆየ።

“ሌላ ሰው ቢለኝ እጣላ ነበር” አለ። “አንቺ ካልሽማ... እንግዲያ እጄ ነው። ሰሞኑን የማሽኑ ድምፅም ጆሮዬ ላይ ይደበዝዛል። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ሰው ሲያረጅ ለራሱ የሚነግረው የለም ለካ።”

“ስቶይመን...”

“ተይ፣ አትዘኚ። እውነቱን ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ።”

ተነሥቶ ፕሌቱን መጠቅለል ጀመረ። “ይህን ይዤው ልሂድ። በቦታዬ ለሚመጣው ሰው አሳየዋለሁ። ‘እንዲህ አድርገህ አትጫን’ እለዋለሁ።”

ዝላትካ መዳፏን ፕሌቱ ላይ አኖረች።

“ተወው። እዚህ ይቀመጣል።”

“እሺ” አለና ጋዜጣውን ብቻ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

የውጭው በር ሲዘጋ እስክትሰማ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ፕሌቱን ወደ መቁረጫው ወስዳ የግራ ዳሩን ቆረጠችው። ቀኙን በመነጽር አየችው፤ እሱም ያው ነበር፤ እሱንም ቆረጠች። ሁለቱን ቁራጮች የትርፍራፊው በርሜል ውስጥ ጣለቻቸው። የቀረውን መሃሉን ለካች። ደህና ነበር። ጀርባው ላይ ፈረመችና ከደህናዎቹ ጋር ሰቀለችው።