ሳትሰማ አምጪያት

«ሱዬ፣ ወደ ቻይናታውን ንጂው» አለችኝ ራሄል፣ ገና ከኤርፖርቱ ፓርኪንግ ሳንወጣ።

«ወዴት?»

«ስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ። ለአባባ ሾርባ ልግዛለት። ታይላንድ ስንበላው የከረምነውን ዓይነት።»

መሪውን ጨበጥ አደረግኩት። አባቷ ጋሽ ተክለማርያም ሞተዋል። እሷ አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። ግሪን ቫሊ ሰፈር፣ እነራሄል ቤት ሳሎኑ በወንበር ተሞልቷል። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ኪዳነወልድ ሰው ሰብስበው እየጠበቁን ነው። ትእዛዛቸው ደግሞ ቁርጥ ያለ ነበር፤ ሳትሰማ አምጪያት።

ስልኩ የመጣልኝ ታይላንድ፣ ኮ ሊፔ የምትባል ደሴት ላይ ነው። ራሄልና እኔ ቦርሳችንን አዝለን፣ ከደሴት ደሴት በጀልባ እየተሻገርን፣ ርካሽ ማደሪያ ባገኘንበት እያደርን ስንዞር ነው የከረምነው። ለዚህ ጉዞ ስንት ኦቨርታይም እንደሠራን እኛ ነን የምናውቀው። ያን ጠዋት እሷ ባሕር ውስጥ ናት፣ እኔ ጥላ ሥር ተጋድሜያለሁ።

«ልጄ ሱዓድ፣ ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ ጋሽ ኪዳነወልድ።

ሐበሻ «ብቻሽን ነሽ?» ብሎ ከጀመረ አለቀ።

«ተክለማርያም አርፏል። ከሺፍት ገብቶ እንደተኛ ቀረ። ልብ ነው አሉን። አደራሽን፣ በሰው አገር እንዳትሰማ። እዚያ ማን ይይዛታል? ማን ያጽናናታል? ሳትሰማ አምጪያት፤ ቀብሩ እሷን ይጠብቃል።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

እሳቸው ያላወቁት አንድ ነገር አለ። ወደዚያች ደሴት ስንሻገር ማዕበሉ ጀልባዋን አንስቶ ሲያፈርጣት፣ ሁለታችንም ያለቀልን መስሎን ነበር። ያኔ ነው ራሄል ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ይዛ ቃል ያስገባችኝ። እናቷ የሞቱት እሷ ሪኖ ከተማ ኮሌጅ እያለች ነው። «ፈተናዋን እንዳይረብሻት» ብለው ከቀብሩ በኋላ ነገሯት። ያንን ቂም እስከ ዛሬ አልተወችውም።

«ሱዬ፣ ከዚህ ከወጣን፣ በቤቴ አንድ ነገር ቢፈጠር አንቺ ንገሪኝ። ያኔውኑ። ሰው ሰብስባችሁ መርዶ እንዳታረዱኝ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት። እንግዲህ ለእሷም እሺ፣ ለጋሽ ኪዳነወልድም እሺ። አንዱ ውሸት መሆኑ ነው።

ውሸቱን ማን ላይ እንዳዋልኩት ታዩታላችሁ። ታመምኩ አልኩ። ሆዴን ይዤ ጥቅልል አልኩ። ራሄል ከጉዟችን የቀረውን ሳምንት ጥላ «እንመለስ፣ ብቻሽንማ አትሄጂም» አለች፤ አንዴ እንኳን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። የራሷን ቦርሳ ከኋላ፣ የእኔን ከፊት አንግታ፣ ከጀልባ ሚኒባስ፣ ከሚኒባስ ኤርፖርት ተሸከመችልኝ። እኔ ጤነኛዋ ሴትዮ ባዶ እጄን ከኋላ እጎተታለሁ። የምትሸከመው የእኔ ቦርሳ ውስጥ ደግሞ የእሷ ስልክ በካልሲ ተጠቅልሎ፣ ተዘግቶ ተቀምጧል። የሰረቅኳት እኔ ነኝ። ታዲያ ፌስቡኳ በ«ነፍስ ይማር» ሲጥለቀለቅ ቁጭ ብዬ ልይ? እሷ የጠፋት መስሏት «ባሕር በላው» ብላ ስቃ ተወችው። በእኔ ስልክ ለአባባ ልደውል ስትል «አሁን እኮ እዚያ ሌሊት ነው፣ ይተኙበት» እላታለሁ።

እኔ ካዚኖ ውስጥ ካርድ አከፋፋይ ነኝ። ፊቴን መያዝ እንጀራዬ ነው። ግን ሥራ ላይ ሺፍት ያልቃል፤ ይኼኛው አላልቅ አለኝ።

«ደክሞኛል ራሄል፣ ቀጥታ ቤት እንግባ» አልኳት።

«ውይ፣ አሁን ደግሞ ጀመረሽ! አውሮፕላኑ ላይ የእኔን ምሳ ጭምር ጠራርገሽ የበላሽው ማነሽ? ድነሻል ድነሻል፣ አትሞላቀቂ። ንጂው።»

ነዳሁት። ሃይዌይ ላይ እንደወጣን የመኪናው ስክሪን በራ። ጋሽ ኪዳነወልድ ይላል፣ በደማቁ።

«ጋሽ ኪዳነወልድ?» አለች ራሄል ቀና ብላ። «አንቺ ጋ ምን አስደወላቸው?»

«የእናቴ ጉዳይ ነው። እድር ልትገባ ፈልጋ።»

«እንዴ፣ ታዲያ አንሺዋ! ቆይ ሰላም ልበላቸው» ብላ ጣቷን ስትዘረጋ እጇን መታሁት። በደንብ ነው የመታሁት፣ ጧ ብሎ ተሰማ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«እየነዳሁ ነው! አትነካኪብኝ!»

እጇን እያሻሸች በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። የጠረጠረች መሰለኝ። ጋሽ ኪዳነወልድ «ሰው ኤርፖርት እንላክላችሁ» ሲሉኝ እንኳን እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሳይጠራ ሊቀበላት የመጣ ሐበሻ ካየች ወዲያው ይገባታል ብዬ። ይህን ሁሉ ተጠንቅቄ በአንድ ጥፊ ላበላሸው ነው እንዴ?

«ቤት ስንገባ ሐኪም ታይተሽ ነው የምትተኚው» አለች በመጨረሻ። «ይኼ የሆድ በሽታ ብቻ አይደለም፣ ጭንቅላትሽም ተነክቷል።» ሳቀች።

ሾርባ ቤቱ ውስጥ ከራሄል ኋላ ቆሜያለሁ። አስተናጋጇ ሴትዮ ትእዛዙን ስትጽፍ ራሄል ባንኮኒው ላይ ተንጠልጥላ ታስረዳታለች። ቃሪያ እንዳታበዢበት፣ አባቴ ጨጓራ አለበት። ኑድሉን ለብቻ አድርጊልኝ፣ ቤት እስክንደርስ እንዳይላላ። ከዚያ አሰብ አደረገችና ሁለት አድርጊው አለች፤ አንዱን ነገ ሥራ ይዞት ይገባል።

እዚያ ላይ አቃተኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩና የዓሣውን ሥዕል የማይ መሰልኩ። ሴትዮዋ ትስቅላታለች፤ የታደሉ አባት ናቸው ትላታለች። ራሄል አዎ፣ ግን አያምንም አለቻትና ሁለቱም ሳቁ።

መኪና ውስጥ ገብተን ከረጢቱን እግሮቿ መሃል አስቀመጠች። ሞተሩን አላስነሳሁም።

«ንጂዋ፣ ይቀዘቅዛል እኮ።»

«ራሄል።»

«እ?»

«ጋሽ ተክለማርያም አርፈዋል።»

በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። አየችኝ። እኔም አየኋት። አንድ ሰውዬ ጋሪ እየገፋ በፊታችን አለፈ።

«መቼ?» አለች።

«ኮ ሊፔ እያለን።»

«ኮ ሊፔ መቼ?»

«አንቺ ባሕር ውስጥ ሳለሽ ደወሉልኝ። ሳትሰማ አምጪያት አሉኝ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እጆቿን ጭኖቿ ላይ አስቀምጣ ቀስ እያለች ትጠይቀኝ ጀመር።

«ከባሕር ስወጣ ፎቶ አንሺኝ አልኩሽ።»

«አዎ።»

«አነሳሽኝ።»

«አነሳሁሽ።»

«ሳቂ አልሽኝ ሱዓድ።»

ሱዬ አላለችኝም። ዘወር ብዬ ከኋላ ወንበር ቦርሳዬን ጎትቼ ስልኳን ከነካልሲው አውጥቼ ሰጠኋት። ስታየው መጀመሪያ አልገባትም።

«የት ነበር?»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

«እኔ የተሸከምኩት ቦርሳ ውስጥ።»

«አዎ።»

በሩን ከፍታ ወጣች። ልከተላት ስል ጣቷን ቀስራ አስቆመችኝ። ፓርኪንጉ ጫፍ ድረስ ሄዳ አጥሩን ይዛ ቆመች፤ ጀርባዋ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጋሽ ኪዳነወልድ እንደገና ደወሉ። አላነሳሁም። አምላኬ፣ መኪና መንገድ ውስጥ እንዳትገባ እያልኩ የበሩን እጀታ ይዤ ጠበቅኳት። ተመልሳ መጥታ ቀበቶዋን አሰረች።

«ንጂ።»

«ራሄልዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«አሁን አይደለም። ነገርኳት እንዳትያቸው። ያን ሁሉ ሰው ሰብስበው አንቺን ሲጮሁብሽ መስማት አልፈልግም። እነሱ ይንገሩኝ።»

ወደ ግሪን ቫሊ ነዳሁት። የቤቱ መንገድ ግራና ቀኝ መኪና በመኪና ሆኗል። ጋራዡ ተከፍቶ ወንዶቹ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እኛን ሲያዩ ሁሉም ብድግ አሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ተደርድረዋል። ይህን አይቶ የማይገባው ሐበሻ የለም። ራሄል ግን የሾርባውን ከረጢት አንጠልጥላ፣ ምንም እንዳልገባት ሰው፣ ሰላም እያለች ገባች።

ጋሽ ኪዳነወልድ ትከሻዋን ይዘው «ልጄ፣ አንቺ ጠንካራ ልጅ ነሽ። እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሳ። እኛም ለሰዓታችን ነው ያለነው…» እያሉ ከሩቅ ጀመሩ። እሷ አላቋረጠቻቸውም፤ ትሰማቸዋለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ማስመሰሉ መቼ እንደሚያልቅባት እጠብቃለሁ። የአባቷን ስም ሲጠሩ ግን የጮኸችው ጩኸት ማስመሰል አልነበረም። አጥንቴ ድረስ ገባ። እትዬ የሺሃረግ፣ የጎረቤታቸው ሴትዮ፣ ከረጢቱን ከእጇ ተቀብለው ደግፈው ፍራሹ ላይ አስቀመጧት።

ሰው ተላቅሶ ዝም ዝም ሲል እትዬ የሺሃረግ እኔን አዩኝ። መጥተው አቅፈው ግንባሬን ሳሙኝ።

«ተባረኪ ልጄ» አሉ፣ ሁሉ እየሰማ። «ያን ሁሉ አገር፣ ያን ሁሉ ባሕር፣ ትንፍሽ ሳትይ አመጣሻት። ጓደኛ እንዳንቺ ነው። ጎበዝ!»

ሳሎኑ ሙሉ ሰው ራሱን እየነቀነቀ አየኝ። ራሄል ፊቷን ካለበሷት ነጠላ ውስጥ ቀና አደረገች። ዓይኗ አብጧል፤ ወደ እኔ ነው የምታየው።

«አዎ፣ ጎበዝ ናት» አለች። «ምንም አልነገረችኝም።»

ሴቶቹ ከአጠገቧ ቦታ ለቀው ነይ ተቀመጪ አሉኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ራሄልም ነጠላውን መልሳ ፊቷ ላይ ጣለች።