ሴራሚክ ወይስ ጣውላ

ባልየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እንቁላል እንደጫነ ሰው ተጠንቅቆ ስለሚነዳ ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። ሚስቱ እቤት ልብስ ትሰፋለች። በልጅነቷ ክፉ ትኩሳት ይዟት ጆሮዋን ወሰደባት፤ አንደበቷ ግን አልተነካም፤ የሰው ንግግርም ከከንፈሩ ላይ ለቅማ ትረዳለች። «እሷን ለማማት ጀርባን መስጠት ነው» እያለ ይቀልዳል ባሏ፤ ያውም ፊት ለፊቷ።

የቤታቸው ወለል ጣውላ ነው፤ ያረጀ፣ የተሰነጣጠቀ፣ በረገጡት ቁጥር እንደ ነገረኛ ሽማግሌ የሚያጉረመርም። መርፌውም ቁልፉም ስንጥቁ ውስጥ እየገባ ይቀራል። አንድ ቀን የሾፌሩ ታላቅ እህት፣ እትዬ፣ የጫማቸው ተረከዝ ስንጥቁ ውስጥ ተሰንቅሮባቸው በአንድ እግራቸው ቆመው ቀሩ።

«ይኼን ጉድህን አንሳና ሴራሚክ አስነጥፍ!» አሉት። «ሚስትህስ ቢሆን ደህና ቤት አያምራትም?»

የመጨረሻዋ ቃል ልቡን ነካችው። በእረፍት ቀኑ ሦስቱም ተያይዘው ወደ መደብር ሄዱ።

ሻጩ አፈ ቅቤ ነበር። «ይኼ እብነ በረድ መሳይ ነው፤ ይኼኛው ደግሞ ሰው ፊቱን ያይበታል» አለ።

«ፊታችንንማ መስታወት ያሳየናል» አለች ሚስት።

ነጩ ሐኪም ቤት መሰላት። ግራጫው ቀፈፋት። አበባ ያለበትን ደግሞ «የጠረጴዛ ልብስ ላይ ልሂድ እንዴ?» አለች። ከዚያ ሁሉንም ትታ ጥግ ላይ ወደተደረደሩት ጣውላዎች ሄደች፤ አንዱን እንደ ጨርቅ በመዳፏ ዳበሰችው።

እትዬ ወደ ወንድማቸው ዞር ብለው፣ «ይህቺ ልጅ እንከን ፍለጋ ነው እንዴ የመጣችው?» አሉ።

እሱ ግን ክሬም ቀለም ባለው ሰፋፊ ሴራሚክ ፍቅር ይዞታል። ይዞ አመጣና አሳያት። ፊቱን አየችው፤ እንደ ልጅ ፈክቷል።

«እሺ፣ ይሁን» አለች። እሱም ደስታው ሸፍኖበት፣ እንዴት እንዳለችው ልብ አላለም።

ሥራው ከስፌት ክፍሏ ተጀመረ። ጣውላው ተነቀለ፣ ሊሾ ፈሰሰ፣ ሴራሚኩ ተነጠፈ። ክፍሉ በራ። እትዬ መጥተው በረጅም ተረከዛቸው ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ «አሁን ገና ቤት ሆነ!» አሉ።

ሚስት ግን ሰላሟን አጣች። ድሮ መስኮቱ ብርሃን እንዲሰጣት ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ነበር የምትሰፋው። አሁን የስፌት መኪናዋን አዞረችና ፊቷን ወደ በሩ አደረገች፤ ጥላዋ ስፌቷ ላይ እየወደቀ እንኳ። ደጋግማ ቀና ትላለች። ባልየው «ሰው ትጠብቂያለሽ?» ቢላት «አይ» ትለዋለች።

አንድ ቀን እጅጌ ላይ አቀርቅራ ሳለ፣ ብርቱካን ገዝቶ መጣና እንደወትሮው ትከሻዋን ነካት። ጮኸች። ክንዷ ሲዘል መርፌው ጣቷን ወጋት። እሱ ደነገጠ፤ ብርቱካኑ በወለሉ ላይ ተንከባለለ። ጣቷን በጨርቅ ይዞላት ከፊቷ ተንበረከከ።

«ምነው የኔ እመቤት? ስንት ዓመት በዚሁ በር ስገባ ደንግጠሽ አታውቂም!»

«ያኔማ እሰማህ ነበር።»

«ትሰሚኝ ነበር?»

«በእግሬ» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ስሰፋ ጫማዬን የማወልቀው ለምን ይመስልሃል? ጣውላው ይነግረኛል። ከውጭ በር ጀምሮ ትመጣለህ። ግራ እግርህን ትንሽ ትጎትታለህ። ሲደክምህ ታቆምና እንደገና ትሄዳለህ። እትዬ ሲመጡማ ቤቱ ሁሉ ነው የሚያወራው። ይኼኛው ግን…» ሴራሚኩን በባዶ እግሯ መታ አደረገችው፤ «ዝም ይላል።»

«ታዲያ ስንገዛው ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዲያ ደስ ብሎህ!»

ሾፌሩ ለካ ይህን ሁሉ ዘመን እየመጣሁ ነው ብሎ ሳይናገር እየተሰማ ኖሯል። የቆሰለ ጣቷን ሳም አደረገና ብርቱካኑን ሊለቅም ተነሳ።

በነጋታው ሴራሚክ ነጣፊውን ጠራው። «የተነጠፈውን ንቀለው፣ የተረፈውን ወጥ ቤት ንጠፍልኝ» ሲለው ሰውየው «አብደሃል?» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ የመጣው አናጢም ተቸገረ።

«ሰው ሁሉ ወለሉ እንዳይነቃነቅ ይለምነኛል፤ አንተ ይንቀጥቀጥልኝ ትላለህ!»

«ስንጥቅ አይኑረው፣ መርፌ አይዋጥ፤ ከሥሩ ግን ክፍት ይሁን።»

ቀለሙን እሷ መረጠች፤ የማር ቀለም። ጣውላው ከበሩ ወደ መቀመጫዋ በርዝመቱ እንዲሄድ ያዘዘችውም እሷ ናት። እትዬ ነገሩ ሲነገራቸው «እኔን ትሰማኛለች? እንግዲህ ቀስ ብዬ ልርገጥ ነዋ» አሉ።

ሥራው ባለቀ ማግስት መኪናዋን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። ባሏ ከውጭ በር ተነስቶ መጣ።

«የት ስደርስ አወቅሽኝ?» አላት፣ ዞሮ ፊቷ ቆሞ።

«አላወቅኩህም» አለች፣ ቅር ብሏት። «አዲስ ነው፤ ገና አላጠናሁትም። እስኪ እንደገና።»

ወጥቶ ገባ። በጫማ፣ በካልሲ፣ በባዶ እግሩ። እንደደከመው ሰው ሆኖ፣ እንደቸኮለ ሆኖ። እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት እግሮቿን ወለሉ ላይ ዘርግታ ታጠናለች።

«ደከመህ?» አለችው፣ ዓይኗን ገልጣ።

«ኧረ ምን ቸገረኝ፣ ቀስ በቀስ አይደል የሚሉኝ!»

«እንግዲያው አንዴ ድገምልኝ።»

ወደ ውጭ በር ተመለሰ።